«ስታገቢ ይተውሻል» አትበሏት፦ የወር አበባ ህመምን በእንቅስቃሴና ዘና በማለት ማስታገስ

ዛሬ የምናወራው ብዙ እህቶቻችን በየወሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ስለሚያልፉት የወር አበባ ህመም ነው። በተለይ ደግሞ ያለ ብዙ ወጪ፣ ቤት ውስጥ ሊሠሩ ስለሚችሉ እንቅስቃሴዎችና ሰውነትን ዘና ስለሚያደርጉ ዘዴዎች። ወንዶችም አንብቡት፤ እህት፣ ልጅ ወይም ሚስት አለቻችሁ።

እኔ በምሠራበት በጨፋ ሸለቆ፣ ከከሚሴና ከአካባቢዋ የሚመጡ ወጣት ሴቶች «የወር አበባ ያመኛል» ብለው ካርድ አያወጡም። «ሆዴን»፣ «ወገቤን»፣ «ጨጓራዬን» ብለው ነው የሚገቡት። ሁለት ሦስት ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ ነው ቀስ ብላ «በየወሩ ነው» የምትለኝ። አብራት የመጣችው እናት ወይም አክስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድማ ትመልሳለች፦ «አብሽሪ፣ ስታገቢ ይተውሻል፤ ስትወልጂ ይጠፋል።»

አባባሉ ከክፋት የመጣ አይደለም። አንዳንድ ሴቶች ከወለዱ በኋላ ህመሙ ይቀንስላቸዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ጋብቻው ራሱ ደግሞ ማህፀን ውስጥ የሚቀይረው ነገር የለም። ለ15 ወይም ለ16 ዓመት ልጅ ይህን ስንላት፣ ወይ «ዝም ብለሽ ቻዪው» ወይ «ቶሎ አግቢ» ማለታችን ነው። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ገና በልጅነት ማርገዝና መውለድ ደግሞ እንደ ፊስቱላና የእርግዝና ደም ግፊት ላሉ አደጋዎች ያጋልጣል። ጋብቻ መድኃኒት አይደለም። ለህመሙ መላ እያለ ልጅቷን ለምን እናስጠብቃት?

ስንት ሴት ያማታል?

ከእኛ ብዙም በማይርቀው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 85 በመቶ ያህሉ የወር አበባ ህመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከነዚህ ብዙዎቹ ክፍል እንደሚቀሩ፣ ቢገቡም ልባቸው ትምህርቱ ላይ እንደማይሆን ተናግረዋል። እስቲ እናስላው፦ አንዲት ተማሪ በየወሩ 2 ቀን ብትቀር፣ በ10 የትምህርት ወራት 20 ቀን ይሆናል። 4 ሙሉ የትምህርት ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ ውጤቷ ሲወርድ «ሰነፍ ናት» እንላለን።

ህመሙ ከየት ይመጣል?

በየወሩ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሊወርድ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ንጥረ ነገር የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትረዋል። የታጠበ ነጠላ ሲጨመቅ አስቡት፤ ማህፀንም እንደዚያ ነው የሚጨመቀው። በጣም ሲጨመቅ የደም ስሮቹ ይጠባሉ፣ ለጡንቻው የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፣ ቁርጠቱ ይመጣል። ንጥረ ነገሩ በብዛት የሚመነጭባት ሴት የበለጠ ያማታል። ማቅለሽለሹ፣ ተቅማጡና ራስ ምታቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ህመምሽ እውነተኛ ነው። ቅብጠት አይደለም፣ ርግማንም አይደለም።

የተለመደው ዓይነት ህመም የወር አበባ ከታየ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ደሙ ሊመጣ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ወይም ልክ ሲመጣ ይነሳል፤ ከእንብርት በታች ይቆርጣል፣ ወደ ወገብና ወደ ጭን ይወርዳል፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይለቃል።

እንቅስቃሴ በእርግጥ ይረዳል?

አዎ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ45 እስከ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ማድረግ ህመሙን እንደሚቀንስ አስቀምጧል። ህመሙን ከ0 እስከ 100 ብንለካው በአማካይ 25 ነጥብ ያህል ይወርዳል። ጥናቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ ማስረጃው ገና ጠንካራ አይባልም፤ ግን እንቅስቃሴ ርካሽ ነው፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ሌላም ብዙ ጥቅም አለው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ እንቅስቃሴው የሚሠራው ህመሙ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ወሩን ሙሉ ነው። የምትጀምሪው ዛሬ ነው፤ ለውጡን የምታይው ከ2 እና ከ3 ወር በኋላ ነው። አንድ ቀን ሞክረሽ «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትተዪው።

«ዶክተር፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ እጋግራለሁ፣ እፈጫለሁ፤ ሌላ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ሰውነታቸው አያርፍም። የእግር ጉዞው ይቆጠራል። 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ጎንበስ ማለት ግን ወገብን ያጠነክራል እንጂ አያፍታታም። እኛ የምንፈልገው ሸክም የሌለበት፣ ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግና ጡንቻን የሚለቅ እንቅስቃሴ ነው። በህመሙ ቀናት ደግሞ ጀሪካኑን ወንድሟ ቢቀዳላት ምን አለበት?

በወሩ ውስጥ፦ በሳምንት 3 ቀን

ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ቦታ የምትኖሪ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወይም ፀሐይ ስትበርድ አድርጊው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ ማውራት የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ፍጥነት። ዋናው አስፋልት ላይ ከባድ መኪና ስለሚበዛ የውስጥ መንገድ ምረጪ፤ ከጓደኛ ጋር ቢሆን ይሻላል። መውጣት የማይመችሽ ከሆነ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል ወይም ቤት ውስጥ ቆሞ መራመድም ይቻላል። ጂም አያስፈልግም፣ ሂጃብም ሆነ ረጅም ቀሚስ አያግድም፤ ከቀሚሱ ስር ሰፊ ሱሪ ብቻ ልበሺ። በ15 ደቂቃ ጀምሪና በየሳምንቱ ጨምሪ።

ህመሙ ሲመጣ፦ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይ የሚሠሩ 4 እንቅስቃሴዎች

1. ጉልበት ወደ ደረት፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ሁለቱን ጉልበቶች በእጅሽ አቅፈሽ ወደ ደረትሽ ሳቢ። ለ20 ሰከንድ ያዢ፣ ልቀቂ። 5 ጊዜ።

2. ድመትና ግመል፦ በእጅና በጉልበትሽ እንደ ልጅ ተንበርከኪ። ትንፋሽ እያስወጣሽ ጀርባሽን እንደ ግመል ሻኛ ወደ ላይ ቀስሪ፤ ትንፋሽ እያስገባሽ ሆድሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች ልቀቂ። 10 ጊዜ።

3. ወደ ፊት መዘርጋት፦ ተረከዝሽ ላይ ተቀምጠሽ ግንባርሽን ወደ መሬት አድርሺ፣ እጆችሽን ወደ ፊት ዘርጊ። 5 ረጅም ትንፋሽ እስክትተነፍሺ ቆዪ። ይህ አቀማመጥ ሱጁድን ስለሚመስል «በወር አበባ ላይ ሆኜ ይቻላል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። ይህ ጡንቻ ማፍታታት እንጂ ሰላት አይደለም። ቅር የሚልሽ ከሆነ ግን ተዪው፤ ሌሎቹ 3 ይበቃሉ።

4. ዳሌን ማንሳት፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ዳሌሽን ከመሬት አንሺ። 5 ሰከንድ ያዢ፣ ቀስ ብለሽ አውርጂ። 10 ጊዜ።

የሚያም ከሆነ አትግፊው። ማፍታታት እንጂ ትግል አይደለም።

ሰውነትን ዘና ማድረግ

ስታመሚ ሰውነትሽ በሙሉ ይኮማተራል፤ ትከሻሽ ይወጠራል፣ ትንፋሽሽ ያጥራል፣ ህመሙ ይብሳል። ይህን ዑደት ለመስበር፦

የሆድ ትንፋሽ፦ አንድ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ 4 እስኪቆጠር አስገቢ፣ ሆድሽ ከፍ ይበል፤ በአፍሽ 6 እስኪቆጠር ቀስ ብለሽ አስወጪ። ለ5 ደቂቃ። ይህን ክፍል ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ ማንም ሳያውቅብሽ መሥራት ትችያለሽ።

ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ፦ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ያስፋፋው ዘዴ ነው። የእግር ጣቶችሽን 5 ሰከንድ አጥብቂ፣ 10 ሰከንድ ልቀቂ። ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት። እስከ ላይ ስትደርሺ ብዙዎች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ሙቀት፦ «በዚህ ሐሩር ላይ ሙቀት?» ትሉኝ ይሆናል። ግን ይሠራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 39 ዲግሪ አካባቢ የሆነ የማያቋርጥ ሙቀት ከእንብርት በታች ማድረግ እንደ ኢቡፕሮፌን እንደሚያስታግስ አሳይቷል። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጊና በሻሽ ጠቅልለሽ ያዢው። የፈላ ውሃ አትጠቀሚ፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቆዳሽም ይቃጠላል።

መድኃኒትስ?

መድኃኒት መውሰድ ሽንፈት አይደለም። ኢቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲንን ምርት ስለሚቀንስ ምክንያቱን ነው የሚመታው። ለብዙዎች 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። ህመሙ ሲጀምር ቶሎ መውሰድ እስኪብስ ከመጠበቅ ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለብሽ፣ ወይም እርግዝና የምትጠረጥሪ ከሆነ ግን ሳታማክሪ አትውሰጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። በረመዳን ወቅት የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም። ግን ብዙ ልጆች አባትና ወንድም እንዳያውቅባቸው ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ይውሉና ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውጣሉ። ጨጓራቸውን ይጎዳል። እናቶች፣ ጓዳ ውስጥ ትንሽ ምግብና ውሃ አስቀምጡላቸው።

መቼ ነው ሐኪም ጋር መሄድ ያለብሽ?

ከላይ ያልነው በሙሉ ለተለመደው ዓይነት ህመም ነው። የሚከተሉት ካሉ ግን እንቅስቃሴ ብቻውን አይበቃም፦

• እንቅስቃሴውንም መድኃኒቱንም በትክክል ሞክረሽ በ3 ወር ውስጥ ካልተሻለሽ
• ህመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ከወር አበባ ቀናት ውጪም የሚያምሽ ከሆነ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል ሕመም ሊሆን ይችላል
• ሞዴስ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ የሚሞላ፣ ትላልቅ የረጋ ደም የሚወጣ ወይም ደሙ ከ8 ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ
• ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ
• በግንኙነት ጊዜ ህመም ካለ
• የወር አበባ ቀርቶ ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ህመም ከመጣ፤ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሂጂ
• በየወሩ ሆዷን እያመማት ደም ጭራሽ ያላየች ልጅ
• በልጅነቷ የተገረዘችና የተሰፋች፣ ደሙ እንደልብ የማይወርድላት ልጅ፤ ይህ በሕክምና የሚስተካከል ነው፣ አትፈሪ

ስትሄጂ «ሆዴን» ብቻ አትበዪ። «የወር አበባ ሲመጣ ያመኛል» በዪ። የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ቀን ስልክሽ ላይ መዝግበሽ ብትመጪ ለእኛም ሥራ ታቀልያለሽ። ሴት ሐኪም ወይም ነርስ ከፈለግሽ መጠየቅ መብትሽ ነው።

እናቶች፣ አክስቶች፣ ታላቅ እህቶች፦ በሚቀጥለው ወር ልጃችሁ ሆዷን ይዛ ስትተኛ «ስታገቢ ይተውሻል» ከማለት ይልቅ ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ አምጡላትና አብራችኋት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ለእግር ጉዞ ቀስቅሷት።

ይጠቅማል ካላችሁ ለእህቶቻችሁና ለተማሪዎቻችሁ ሼር አድርጉት። ጤናችሁ ይብዛ!