ለሴባስቶፖል የተቆረጠው መንገድ

ስለ መቅደላ ሲነሳ ወሬው ሁሉ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ላይ ያልቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ መንገዱ ነው።

አምባው ከበሽሎ ወንዝ በላይ ጉብ ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ምሽግ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ከወሎ ባላባቶች ወስደው ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጉት። ምኒልክ ወደ ሸዋ ያመለጡትም ከዚያው ነው።

በ1860 መጀመሪያ ንጉሡ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሱ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በጋሪ እየተጎተተ የጅጣን ገደል ወርዶ መውጣት፣ ደላንታን ማቋረጥ፣ ደግሞ በሽሎን ወርዶ መውጣት ነበረበት። ለጋሪ የሚሆን መንገድ የት አለና! አለቱ በባሩድ ፈረሰ፣ ዳገቱ ተደለደለ፤ ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ እኩል ድንጋይ አነሱ። ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ።

ንጉሡን ሊወጋ የዘመተው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ደግሞ በእኛ በራያዎች ደጅ አለፈ። ከዙላ መጥቶ፣ የራያን ቆላ በስተግራው ትቶ፣ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር፤ ከቆቦ ተነስቶ ግራካሱን የወጣና ኮረምን ያለፈ ሰው ሐይቁን ያውቀዋል። በላስታ ደጋ አድርጎ ጅጣ ሲደርስ የተጠረገ መንገድ ጠበቀው። በሽሎም ላይ እንዲሁ። ንጉሡ ለመድፋቸው የቆረጡት መንገድ ጠላታቸውን አደረሰ።

ሚያዝያ 3፣ በስቅለት ዕለት፣ የንጉሡ ጦር ከፋህላ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። እንደኔ ነገሩ ያለቀው ያኔ ነው፤ ያን የመሰለ ምሽግ ትቶ ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ፊት ሜዳ ወጣ። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ከእኛ 700 ያህል ሰው ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። በፋሲካ ማግስት ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

እንግሊዞች ከአምባው የዘረፉት ብራናና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻግሮ ወጣ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ ያለው ምስሉ ነው። የመድፉን ፎቶ ሁሉም ያነሳል። የዋድላና የደላንታ ልጆች፣ የመንገዱን ቅሪት የምታውቁ ካላችሁ ግን እሱን አንስታችሁ ላኩልን፤ አባቶች የነገሯችሁንም ጻፉልን።