የካምፓላን ዐውደ ርዕይ በሁለት ደቂቃ
ኡጋንዳዊው አርቲስት ሳና ጋቴጃ ከተጣለ ወረቀት ዶቃ እየሠራ ከዛፍ ልጥ በተዘጋጀ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። እንዲህ ያለውን ሥራ ካምፓላ ውስጥ ቀርጾ የሁለት ደቂቃ የቴሌቪዥን ዘገባ ለሚያቀናብር ባለሙያ ከባዱ ጥያቄ ምን ይቆረጥ የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የክብር እንግዳው ንግግር ይተርፋል፤ የሚቆረጠው ሥራው ራሱ ነው።

ከሩቅ ሥዕል የሚመስለው ነገር የዶቃዎች ክምችት መሆኑን ተመልካቹ የሚረዳው ካሜራው ቀርቦ ጥቂት ሰከንዶች ሲቆይ ነው። ያኔ ተራኪው ዝም ቢል ይመረጣል።

ጨርቁም የራሱ ድምፅ አለው። ባጋንዳዎች ‘ሙቱባ’ ከሚሉት ዛፍ የተላጠውን ልጥ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው ያሳሱታል፤ ዩኔስኮም ለዚህ ጥበብ በአውሮፓውያኑ 2005 እውቅና ሰጥቷል። ዘጋቢው ቀጥቃጮቹ ዘንድ ሄዶ የመዶሻውን ምት ከቀዳ፣ ከየትኛውም የመክፈቻ ንግግር የተሻለ መግቢያ አገኘ ማለት ነው።