ገዢው ሳይጠይቅ መልሱለት

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሙያውን የለመድኩት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ማመልከቻ ማን፣ ማንን፣ ስለ ምን፣ መቼ፣ ምን ይደረግልኝ ብሎ እንደጠየቀ በግልጽ ማሳየት አለበት። ዳኛው ባለጉዳዩን ደጋግሞ ሳይጠይቅ ነገሩ እንዲገባው ተደርጎ ይጻፋል። ዛሬ ከባለጉዳይ ይልቅ ነጋዴ ይበዛብኛል፤ ቅቤና ቡላ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ እናቶች፣ የዶዮገና በግ የሚያደልቡ ወጣቶች፣ ከዱራሜና ከሾኔ ልብስና ስልክ በቴሌግራም የሚሸጡ ልጆች። «ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ሲሉኝ የማሳያቸው ያንኑ የማመልከቻ ሥርዓት ነው።

ቅቤን እንውሰድ። አብዛኛው ሻጭ ከፎቶው ሥር «ምርጥ፣ ንጹሕ፣ ኦሪጅናል የሆሳዕና ቅቤ፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ይለጥፋል። ይህን ያነበበች የአዲስ አበባ እናት ምን አወቀች? ምንም። ቅቤዬ ምርጥ ነው የማይል ሻጭ የለም። እሷ የምትፈራው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ነው። ማወቅ የምትፈልገውም ለጋ ይሁን በሳል፣ ከየት ገበያ እንደመጣ፣ መቼ እንደተገዛ፣ ኪሎው ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚደርሳት ነው። ስለዚህ ለምሳሌ እንዲህ እንጽፋለን፦

«ለጋ ቅቤ፣ ሌሞ ወረዳ ገበያ ትናንት የተገዛ። ኪሎው 1,100 ብር። ቅዳሜ ጠዋት ተጭኖ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይደርሳል። አይተውና ቀምሰው ካልወደዱት ይመልሱ፤ ገንዘብዎን በዚያው ቀን በቴሌብር እንመልሳለን።»

እዚህ ውስጥ አንድም ሙገሳ የለም። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ግን ገዢዋ ልትጠይቅ የነበረውን መልሷል፤ የመጨረሻው ደግሞ ፍርሃቷን አቃሏል። ሻጩ ገንዘብ የመመለስ ሐሳብ ከሌለው ያንን ዐረፍተ ነገር አልጽፍለትም። ማስታወቂያ እውነተኛ እንዲሆንና እንዳያሳስት የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ያዛል።

ዋጋን መደበቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። «ተፎካካሪ ያየዋል»፣ «ገበያው ይለዋወጣል» ይሉኛል። ተፎካካሪው ግን ዋጋውን ከገበያው ያውቀዋል፤ ያልተነገረው ገዢው ብቻ ነው። ሻጯ ገበያ ውላ ማታ ስልኳን እስክትከፍት ድረስ የጠየቀው ሰው ዋጋውን ከጻፈ ሌላ ሻጭ ገዝቶ ያድራል። ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ የሚቆይ ነው» ማለት ይበቃል። ሱቅ ያለው ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ እንዲለጥፍ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስገድደዋል። ለሱቁ ደጃፍ የታዘዘው ግልጽነት ለስልኩ ገጽ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሚልኩ ደግሞ አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። «ውድና የተከበራችሁ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው ሰላምታ ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 32ቱን ይወስዳል። የመልእክቱ ግማሽ ያህል ስለ ዕቃው አንድ ቃል ሳይናገር አለቀ ማለት ነው። «ሰላም» ብላችሁ ወደ ጉዳያችሁ ግቡ።

የእኛ አካባቢ ገበያ ሌላም ባሕርይ አለው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ለሀዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ በዓል ለአባቱ ቤት ሰንጋ የሚገዛው ልጅ ጆሃንስበርግ ሆኖ ነው። ከፋዩ ሩቅ ነው፣ ተቀባዩ እዚህ ነው፤ ሰንጋውንም በዓይኑ አያየውም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለእሱ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ነው። የትኛው ቤት፣ ለማን እንደሚደርስና የማጓጓዣውን ወጪ ማን እንደሚችል ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይወቅ።

አነጋገርም ይታሰብበት። የማታውቁትን ሰው «እሺ ውዴ» አትበሉ። ከስልኩ ወዲያ ያለው የአባታችሁ እኩያ ሊሆን ይችላል፤ «እርስዎ» በሉ። ጽሑፍ ለሚከብዳቸው አዛውንት በሀዲይሳ ወይም በከምባትኛ በድምፅ ማስረዳት የተሻለ ነው፤ በገዛ ቋንቋ መነጋገር መተማመንን ይፈጥራል። ብዛቱ፣ ዋጋውና ቀኑ ግን ሁልጊዜ በጽሑፍ ይከተል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። በቴሌግራም የጻፋችሁት ቃል ቃል ነው።

ማስታወቂያችሁን ከመለጠፋችሁ በፊት ስለ ንግዱ ምንም ለማያውቅ የቤተሰብ ሰው አንብቡለት። «ስንት ነው? መቼ? የት? ባልወደውስ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ገና አላለቀም፤ መልሱን ጨምሩበት። ጥያቄ ሲያጣ ያን ጊዜ ለጥፉት፤ የጻፋችሁትንም ፈጽሙ።