የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ደረጃና የመዛኞቹ ሚዛን

ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማን ላቀ፣ ማንስ አነሰ የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የታሪክ ሊቃውንት ደጋግመው ፍርድ የሰጡበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ የፍርዳቸውን አካሄድ መመርመር ለተማሪ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ዐይነቱን ምርመራ የጀመሩት የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር አርተር ሽሌሲንገር ናቸው። እሳቸው በ1948 ለ55፣ በ1962 ደግሞ ለ75 ሊቃውንት ጥያቄ አቅርበው፣ ፕሬዚዳንቶቹን «ታላቅ» ከሚለው እስከ «ያልተሳካለት» ድረስ በአምስት ክፍል አስመደቡ። በሁለቱም ጊዜ ሊንከን፣ ዋሽንግተንና ፍራንክሊን ሩዝቬልት በቅደም ተከተል ከላይ ሆኑ። ሲ-ስፓን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በ2021 ባወጣው ዝርዝርም የነዚህ የሦስቱ ቦታ አልተነካም። ብዙ ለውጥ የሚታየው ከነሱ በታች ነው፤ ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የአዲስ ማስረጃ መገኘት ነው። አይዘንሃወር በ1962 ከ31 ፕሬዚዳንቶች መካከል ከሃያኛው ደረጃ ገደማ አልዘለሉም ነበር፤ ሥራውን ለሹማምንት ትተው የሚዝናኑ መሪ ተደርገው ይታዩ ስለ ነበር ነው። የጽሕፈት ቤታቸው መዛግብት ለተመራማሪዎች ከተከፈቱ በኋላ ግን፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ጉዳዩን ሁሉ ራሳቸው ይመሩ እንደ ነበር ታወቀ። በ2021 አምስተኛ ሆኑ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ይኸውም የሚዛኑ መለወጥ ነው። በ1948ም ሆነ በ1962 ከሁሉ በታች የተጣሉት ግራንትና ሃርዲንግ ነበሩ። በግራንት ዘመን፣ በ1875፣ የግብር ሹማምንት ከውስኪ ፋብሪካ ባለቤቶች ጋር ተመሳጥረው የመንግሥትን ገንዘብ መዝረፋቸው ተገለጠ። የሃርዲንግ ሚኒስትር አልበርት ፎልም ስለ ነዳጅ ዘይት ቦታዎች ጉቦ በመቀበላቸው በ1931 እስር ቤት ገቡ። ቡካናን ግን በሥልጣን ላይ ሳሉ ሰባት ግዛቶች ከኅብረቱ ተገነጠሉ፤ እሳቸውም መገንጠሉ ሕገ ወጥ ነው፣ ነገር ግን መንግሥት ለማስቈም ሥልጣን የለውም ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለቱ በላይ ተቀመጡ። የዚያን ጊዜ መዛኞች የሹማምንትን ሌብነት ከሀገር መፍረስ ይልቅ አክብደው ያዩ ይመስላል።

ግራንት በ1870 እና በ1871 በወጡት ሕጎች እየተደገፉ፣ ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ይገድልና ይገርፍ የነበረውን ኩ ክሉክስ ክላን አሳደዋል፤ በ1871ም በደቡብ ካሮላይና በዘጠኝ አውራጃዎች ወታደር አሰማርተዋል። ይህ የተሰወረ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ለጥቁሮች የምርጫ መብት መስጠቱ ራሱ ስሕተት ነው የሚሉ ጸሓፊዎች ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ ስለ ያዙት፣ ሥራው እንደ በጎ አልተቈጠረላቸውም። ዱቦይስ በ1935 ይህን አመለካከት አጥብቀው ቢቃወሙም፣ በሰፊው የተሰሙት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2000 ሲ-ስፓን ካቀረባቸው ዐሥር መመዘኛዎች አንዱ ለሁሉም እኩል ፍትሕ መሻት ነበር። በዚያ ዓመት 33ኛ የነበሩት ግራንት በ2021 20ኛ ሲሆኑ፣ ቡካናን በሁለቱም ጊዜ የመጨረሻውን ቦታ ያዙ።

ስለዚህ ደረጃ ቊጥር ነውና የተረጋገጠ ዕውቀት ነው ብለን እንዳንቀበለው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ስለ ተመዛኙ የሚናገረውን ያህል ስለ መዛኙም ይናገራል። ማን ተጠየቀ፣ የትኛው በደል ከባድ ተባለ፣ የማንስ ሥቃይ ሳይቈጠር ቀረ ብሎ መጠየቅ ማን አንደኛ ወጣ ከማለት ይቀድማል።