የጓሮ አበባና የመፀው ሰማይ በፎቶግራፍ



በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። በማግሥቱም መፀው ይተካል። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራዋለች። ይህን የወቅት መለዋወጥ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ለሚሻ ሰው ይፋግ እጅግ የተመቸ ሥፍራ ነው። በስተምሥራቅ ደጋው፥ በስተምዕራብና በደቡብ የፎገራ ሜዳና ጣና ሐይቅ ስለሚገኙ ፀሐይ ከተራራ ወጥታ ወደ ውሃው ትጠልቃለችና።

በቅድሚያ ሰማዩን እንመልከት። ዝናብ አየሩን አጥቦ አቧራውን ስለሚያወርድ፥ ደመናው ሲገፈፍ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ከመንገድና ከደረቀ መሬት የሚነሣው አቧራ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ሩቁን ተራራ ማንሣት የሚወድ ሰው ጥቅምትን አያሳልፍ። በዚያው ወር ሌሊቱ ደመና የሌለበት ሲሆን መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ርጥበቱም ጎሕ ሲቀድ በሜዳው ላይ ጉም ሆኖ ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል ስለሚበተን ማልዶ መውጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጥሎ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ብቅ ካለች ደግሞ፥ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ መመልከት ነው፤ ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ ትይዩ ይታያልና።

ሰማይና ምድርን በአንድነት ማንሣት ጥቂት ብልሃት ይጠይቃል። ሰማዩ ከምድሩ ይልቅ ብሩህ ስለሆነ ካሜራው ለምድሩ ሲያስተካክል ደመናው ነጥቶ ይጠፋል። በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው በመስተዋቱ ላይ ብሩሁን ደመና በጣቱ ቢነካ ብርሃኑ ይመጠናል፤ ምድሩ ቢጠቁርም የደመናው መልክ ይድናል።

ለጓሮው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአጥር ሥር የበቀለችውን አደይ አበባ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከማንሣት ተንበርክኮ በቁመቷ ልክ ማየት ይበልጣል። ጊዜውም ነፋስ ሳይነሣ፥ ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ብርሃን ከኋላዋ ሲመጣ ቅጠሏ እንደ ፋና ያበራል።

ነገር ግን የዚህ ሥራ ጥቅም ለዓይን ደስታ ብቻ አይደለም። ከብቶቹ ስማቸውን ያገኙበት የፎገራ ሜዳ ቀድሞ ሰፊ ግጦሽ ነበር። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ የሩዝ እርሻ እየተስፋፋ መልኩን ለውጦታል። በጣና ላይም እንቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ታይቶ ብዙ ዳርቻ ሸፍኗል። ሽማግሌዎች የቀድሞውን ሜዳ በቃል ይነግሩናል፤ ሥዕሉን ግን ከእነርሱ ልብ አውጥቶ ለልጅ ማሳየት አይቻልም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን በደጃችን አንድ ቦታ እንምረጥ፤ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆመን፥ ወደ አንድ አቅጣጫ፥ በየዓመቱ መስከረም 26 ቀን አንድ ፎቶግራፍ እናንሣ። ቀኑንና ሰዓቱንም እንጻፍበት። አንዱ ሥዕል ብቻውን ትዝታ ነው፤ 10 ዓመት የተከታተለ ሥዕል ግን ዝናቡ መቼ እንደ ወጣ፥ አበባው መቼ እንደ ፈነዳ፥ ውሃው የት ድረስ እንደ ደረሰ የሚናገር ምስክር ይሆናል።