ከጉብኝት ምን ይዘን እንመለስ?

«ማየት ማመን ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ለመሆኑ ማየት ማወቅስ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ አንድ የምህንድስና ተማሪ ጓደኛዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተመርጦ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችንና ላቦራቶሪዎችን ሊጎበኝ ባሕር ማዶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ዶርም ውስጥ ከበነው ፎቶዎቹን አየን። ሮቦት አለ፣ ሰው የሌለበት የሚመስል ፋብሪካ አለ፣ እሱ ራሱ ነጭ ጋውን ለብሶ የተነሳውም አለ። በመጨረሻ አንድ ልጅ «እሺ፣ ይሄ ማሽን ምንድን ነው የሚሠራው?» ሲለው ዝም አለ። ቆይቶ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልጠየቅኩም» አለን። እኛ ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ የትምህርት ጉዞ የሚባለው ነገር በአብዛኛው እንዴት እንደሆነ እንመልከት። ለምሳሌ ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የተማሪዎች ፕሮግራም ከኮሮና በፊት ከኢትዮጵያ ጭምር የተመረጡ ተማሪዎችን ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ቻይና ይወስድ ነበር። ቤጂንግ ላይ ቋንቋና ባህል ይማራሉ፤ ሼንዘን ላይ ደግሞ ዋናውን መሥሪያ ቤትና ላቦራቶሪዎቹን ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ትምህርቱ በኢንተርኔት ሆነ። ልብ በሉ፣ ሁለት ሳምንት አጭር ነው። የትኛውም ኩባንያ ቢሆን ደግሞ ለእንግዳ የሚያሳየው ያለቀለትን ሥራ እንጂ የከሸፈውን ሙከራ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ሰው ኤግዚቢሽን አይቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ላልሄደው ሰው አካፍለዋል። ይህ አንዱ መንገድ ነው፤ አይቶ ጽፎ ማካፈል።

ሁለተኛው መንገድ አብሮ መሥራት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትሠራ የእኛም መሐንዲሶች ተካፍለዋል። በአዳማ በኩል የሚያልፈውን የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር ደግሞ እንውሰድ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራውን የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባለሙያዎች ተረከቡ። ዓመታት ፈጅቷል፤ ግን ዕውቀቱ እዚህ ቀረ።

ታዲያ ጥያቄ መጠየቅ የት እንለማመድ? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳማ ወጣ ብሎ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በየቀኑ እናያቸዋለን፤ ግን ግድቦች እያሉን ለምን ነፋስ እንዳስፈለገን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ ራሴ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። በበጋ የግድብ ውኃ ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ግድቡ ይሞላል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደግፈዋል ማለት ነው።

ያ ጓደኛዬ ዘንድሮ ለተመረጡት ተማሪዎች አንድ ምክር ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዳቸው ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ጥያቄ በደብተር እንዲጽፉ፣ ሲመለሱም መልሱን ላልሄድነው ክፍል ውስጥ ቆመው እንዲያስረዱ ነው። የተመረጡት ጥቂት ናቸው፤ የቀረነው ብዙ ነን። ፎቶውንም ቢሆን አምጡልን፣ ደስ ይለናል። ብቻ «ይሄ ምንድን ነው?» ስንላችሁ ዝም እንዳትሉን።