ተማሪዎቹ ምን ለኩ?

አንዲት እጩ መምህርት በተግባር ልምምድ ላይ ሳለች «በቴክኖሎጂ ተጠቅማለች» ተብሎ ጥሩ ነጥብ ሲሰጣት አይቻለሁ። የዕለቱ ትምህርት የፔንዱለም ውዝዋዜ ነበር። ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ያወረደችውን ቪዲዮ አሳየች። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ከመስታወቱ ነጸብራቅ በቀር ያዩት አልነበረም። ግቢው ግን ድንጋይ ሞልቶታል፤ ክርም ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል።

በስልክ ማስተማር ማለት ቪዲዮ ማሳየት ነው የሚለው እምነት ከባዶ አልመጣም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት፣ ሶዲየም ውሃ ሲነካ የሚሆነውን በቪዲዮ ማየት ጨርሶ ካለማየት ይሻላል። የሚያናድደኝ፣ ክርና ድንጋይ ለሚበቃውም ትምህርት «ቪዲዮ ፈልጉ» የሚሉ አሠልጣኞች ናቸው። ይህን መንገድ እኮ ሄደንበታል! በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ ክፍል የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ያመጣ ነበር፤ ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይጠብቀውም ነበር።

ስልክ ከፕላዝማ የሚለየው መለኪያ መሆን በመቻሉ ነው። 1 ሜትር ክር ላይ ድንጋይ እሰሩና ደርሶ መልሱን 10 ጊዜ በስልኩ ሰዓት ቁጠሩ፤ 20 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ድንጋዩን ከባድ ብናደርገውስ? መጀመሪያ ልጆቹ ይገምቱ። ብዙዎቹ «ይፈጥናል» ይላሉ፤ ሲለኩት ያው 20 ነው። ክሩን 25 ሳንቲ ሜትር ስታደርጉትስ? ሩብ ስለሆነ 5 ሰከንድ የሚጠብቁ አይጠፉም፤ የሚመጣው ግን 10 ነው። ያን ጊዜ ክፍሉ በጥያቄ ይሞላል።

ካሜራውም እንዲሁ። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ስልክ፣ በሜትር መለኪያ አጠገብ የሚወድቅ ድንጋይ ይቅረጽ። ከተለቀቀበት ቅጽበት በ3ኛው ምስል 5፣ በ6ኛው 20፣ በ9ኛው 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ፍጥነቱ እየጨመረ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ከቁጥሩ ያነቡታል።

«ያለ ኢንተርኔት አይሆንም» የሚሉም አሉ። ሰዓቱና ካሜራው ኢንተርኔት አይጠይቁም። በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፊፎክስ የተባለ መተግበሪያም አንዴ ከተጫነ የስልኩን የእንቅስቃሴና የድምፅ መለኪያዎች ያለ ኢንተርኔት ያነባል።

«ወጣቶቹ መምህራን ስልክ ያውቃሉ፤ ሥልጠና ምን ያደርግላቸዋል?» ስልክ መነካካትና ተማሪ ከመለካቱ በፊት ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

«ስልክ ያዘናጋል» የሚለው ግን እውነት አለው፤ ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ለእነዚህ ሙከራዎች የመምህሩ አንድ ስልክ ይበቃል። በየቡድኑ ለተማሪዎች ይሰጥ ወይ በሚለው ላይ እኔም ገና እያመነታሁ ነው።

የልምምድ ነጥብ የምትሰጡ ሱፐርቫይዘሮች ሆይ፣ ከቅጻችሁ ላይ «ቴክኖሎጂ ተጠቅማለች ወይ?» የሚለውን ሰርዙና «ተማሪዎቹ ምን ለኩ?» የሚለውን ጻፉበት።